መነጽር ብቻ? የቆዩ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች ቀዳዳ ከየት መጣ

በ2025 ክረምት በወጣው የሱፐርማን ፊልም ውስጥ በጨረፍታ የምታልፍ አንዲት ቀልድ አለች። ክላርክ ኬንት መነጽር ሲያደርግ ሰዎች ሱፐርማን መሆኑን ለምን እንደማይለዩ ይነሳል። መልሱ አጭር ነው፤ መነጽሩ ዓይን ያፈዝዛል። ያየው ሰው ሌላ ፊት ያየ ይመስለዋል። በእኛ አነጋገር አፍዝ አደንግዝ ነው።

ይህ ለብዙ ተመልካች የፊልሙ ሠሪዎች ፈጠራ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ሐሳቡ በ1978 በወጣው የሱፐርማን ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚነግር መጽሔት፣ ቁጥር 330 ላይ ታትሟል። ከዚያ ወዲህ ሲሳቅበት ነው የኖረው። አንድ ቀዳዳ ለመድፈን የተሠራ ጥገና ከቀዳዳው ይበልጥ መሳቂያ ሆነ፤ ከ47 ዓመት በኋላ ደግሞ ሆን ተብሎ ለቀልድ ዋለ። እዚህም ሆነ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቆዩ ኮሚኮች ስህተት መሳቅ ዛሬ ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል። የኮሚክና የፊልም ግድፈት እየለቀሙ የሚኖሩ የዩቲዩብ ቻናሎች አሉ። ሳቁ ክፋት የለውም፤ ብዙው ግድፈት በእውነት ያስቃል። ግን በሳቁ መሀል "ደራሲዎቹ ትንሽ እንኳ አያስቡም ነበር?" የሚል ጥያቄ ይወረወራል፤ መልስ ሳያገኝም ይታለፋል። ያስቡ ነበር። ያስቡት የነበረው ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀዳዳ የሚባለው የትኛው ነው?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሴራ ማለት የታሪኩ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ ነው። ተንኮል ከሚለው ፍቺው ጋር እንዳይምታታ። የሴራ ቀዳዳ ደግሞ ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲጥስ የሚታይ ክፍተት ነው። "ራሱ ያወጣውን" የሚለው ላይ ማስመር ያስፈልጋል።

"ሰው እንዴት ይበራል?" ብሎ መጠየቅ ቀዳዳ ማግኘት አይደለም። ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ያለ ልጅ ውል ፈርሟል። ጅብ ቢያወራ፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትሰየም አይገርመውም። ግን ተረቱ መሀል ላይ ጅብ የበላት ጦጣ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ ስትፈርድ ቢሰማ "ሞታ የለ እንዴ?" ይላል። ልጁ ያገኛት ቀዳዳ እሷ ናት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በየቦታው ቀዳዳ እየተባለ የሚጠራው ነገር ግማሹ ቀዳዳ አይደለም። አንዳንዱ ስምምነት ነው። የክላርክ መነጽር ከዚህ ወገን ነው። መድረክ ላይ ተዋናዩ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ሚስጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር አጠገቡ የቆመው እንደማይሰማው ሁሉ፣ መነጽሩም የዘውጉ ልማድ ነው። ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን ከክላርክ ጋር በአንድ ቢሮ እየሠራች፣ በሱፐርማን እቅፍ እየበረረች፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ትላለች። እንዲያውም በቆዩት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ትጠረጥራለች፤ ወጥመድም ታዘጋጃለች። ደራሲዎቹ ነገሩ አልጠፋቸውም። የጨዋታው ጣዕም እዚያ ላይ ስለነበር ነው ያልደፈኑት።

ሌላው ተራ ግድፈት ነው፤ የስም መሳሳት፣ የቀለም መቀየር። ቀሪው ነው እውነተኛው ቀዳዳ። እሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከደራሲ ስንፍና ሳይሆን ከአሠራሩ ነው።

በ10 ሳንቲም የተሸጠ ታሪክ

ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ልጆች ናቸው። መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ያኔ የነበረውን ሱፐርማን ዛሬ የምናውቀው አድርጎ የሚያነብ ሰው ግራ ይገባዋል። አይበርም፤ ይዘላል። የዝላዩ ልክ እንኳ ተነግሯል፤ አንድ ስምንተኛ ማይል፣ ወደ 200 ሜትር ግድም። ጥይት አይበሳውም፤ የሚፈነዳ የመድፍ አረር ግን ሊጎዳው ይችላል። የሚሠራበት ጋዜጣም ዴይሊ ፕላኔት ሳይሆን ዴይሊ ስታር ነው።

መቼ ነው መብረር የጀመረው? የሚበርበትን ችሎታ እንዴት እንዳገኘ የሚነግር ታሪክ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሬዲዮ ድራማና በሲኒማ ካርቱን ላይ በረረ፤ ኮሚኩም ተከተለ። የጋዜጣው አለቃ ፔሪ ዋይት መጀመሪያ የተሰማው በሬዲዮ ነው። ክሪፕቶናይት የሚባለው፣ ኃይሉን የሚያሟጥጠው አረንጓዴ ድንጋይም እንዲሁ በ1943 በሬዲዮ ታየ፤ ኮሚኩ ውስጥ የገባው በ1949 ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጊዜ ሦስት ቤት ይኖር ነበር ማለት ነው። በአንዱ ቤት ያገኘውን ዕቃ ለሌላው ሳይናገር ይዞ ይገባል።

በአሳታሚው ዓይን ግን ይህ ችግር አልነበረም። አንባቢው ልጅ ነው። ጥቂት ዓመት ገዝቶ ያድጋል፤ ይተዋል፤ በቦታው ሌላ ልጅ ይመጣል። ያለፈው ወር እትም ተቀዶ፣ ተጥሎ ወይም ለሌላ ልጅ ተላልፎ አልቋል። የቆየ ታሪክ ሰብስቦ መልሶ ማተም ብርቅ ነበር። ስህተቱን የሚያመሳክር ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይገምት?

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ነበር የሚቀድመው። የሱፐርማን አሳታሚ በሆነው በዲሲ ቤት አርታኢው ጁሊየስ ሽዋርትዝ ሰዓሊውን ዓይን የሚይዝ፣ የማይቻል የሚመስል ሽፋን ያሠራል። ከዚያ ጸሐፊው ሽፋኑን የሚያስረዳ ታሪክ ይፈልግለታል። የእንቆቅልሹ መልስ ሳይታወቅ እንቆቅልሹ ይታተማል እንደ ማለት ነው። እንዲህ ተሠርቶ ታሪኩ መገጣጠሙ ነው የሚያስገርመው።

የዘመኑን ድፍረት ለማየት የ1958ቱን የሱፐርማን ቁጥር 125 ማንሳት ይበቃል። ሱፐርማን ኃይሉን ያጣል። በምትኩ ከመዳፉ አንዲት ጣት የምታክል ትንሽ ሱፐርማን ትፈናጠራለች፤ ልብሱም መልኩም ቁርጥ እሱ ነው። ትንሹ እየበረረ ሥራውን ሁሉ ይጨርሳል። ትልቁ ቆሞ ያያል። ቀስ እያለ ቅናት ይይዘዋል። ይህ ችሎታ ከዬት መጣ፣ ለምን ከዚያ በኋላ ተረሳ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ግን "የሚቀጥለው ወር እትም ሌላ ሐሳብ ስለነበረው" ከሚል አያልፍም። በግሌ ከመነጽሩ ማብራሪያ ይልቅ ይቺን ታሪክ እመርጣለሁ፤ ሱፐርማን በራሱ መቅናቱን እንዲህ በአጭር ያሳየ ሌላ ትዝ አይለኝም።

የባትማን ጠላት የጆከር ነገር ግን ሌላ ነው። በ1940 በወጣው የባትማን ቁጥር 1 ላይ ጆከር መጨረሻ ላይ ሊሞት ነበር። አርታኢው ዊትኒ ኤልስዎርዝ ጥሩ ወንጀለኛ በከንቱ አይጣልም ብሎ አንድ ሥዕል አስጨመረ፤ ሰውየው በሕይወት አለ። በዚያው ዘመን ባትማን ሰው እንዳይገድል ተወሰነ። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ትክክል ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከ80 ዓመት በላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ወለዱ፤ ጆከር ከእስር እያመለጠ ሰው እየጨፈጨፈ ባትማን ዝም ብሎ መልሶ የሚያሳስረው እስከ መቼ ነው? ኋላ ላይ ብዙ ደራሲ ይህን የሕሊና ጥያቄ አድርጎ በቁም ነገር ጽፎበታል። ጥንስሱ ግን ገበያ ነው።

ቦብ ባነር ማን ነው?

በ1960ዎቹ ሌላው አሳታሚ ማርቭል አሠራሩን የበለጠ አፈጠነው። ጸሐፊውና አርታኢው ስታን ሊ የታሪኩን ፍሬ ነገር በአጭሩ ለሰዓሊው ይነግራል። ሰዓሊው ሙሉውን ይሥላል። ከዚያ ስታን ሊ ተመልሶ በሥዕሎቹ ላይ ንግግሩን ይጽፋል። ይህ አካሄድ የማርቭል ዘዴ ተብሎ ይታወቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ ርዕስ ለማውጣት አስችሏል። ዋጋውም ነበረው። ሰዓሊው በልቡ ይዞ የሣለው ምክንያትና ጸሐፊው ኋላ የጻፈው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ስምም ይጠፋ ነበር። በ1963 በወጣው የስፓይደርማን ቁጥር 1 ውስጥ ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር አንድ ቦታ ላይ ፒተር ፓልመር ተብሎ ተጠርቷል። በራሱ መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው እትም! ሀልክ የሚሆነው ሳይንቲስት ብሩስ ባነርም በ1964 በፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 25 ላይ ቦብ ባነር ሆኖ ብቅ አለ። አንባቢ ጻፈ። መልሱ ከጥቂት እትም በኋላ የአንባቢ ደብዳቤ በሚታተምበት ገጽ ላይ መጣ፤ የሰውየው ሙሉ ስም ሮበርት ብሩስ ባነር ነው። እስከ ዛሬም ነው። የስታን ሊ መርሳት የሰው ስም ሆኖ ቀረ።

ሀልክ ራሱ መጀመሪያ ግራጫ ነበር። በ1962 የወጣውን የመጀመሪያ እትም ያየ ይህን ያውቃል። የጊዜው ማተሚያ ግራጫውን እኩል አላወጣውም፤ አንድ ገጽ ላይ ይጠቁራል፣ ሌላው ላይ ይነጣል። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ፤ ማብራሪያም አልተሰጠም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ፣ ደራሲዎች ግራጫውን መልሰው አመጡትና የራሱ ጠባይ ያለው ሌላ ሀልክ አደረጉት። የቀለም ችግር የሥነ ልቦና ታሪክ ሆነ። ያለ ስህተቱ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ጦርነቱና የዓይን ምርመራው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለኮሚክ ጸሐፊዎች እውነተኛ ራስ ምታት ነበር። መኪና እንደ ዘንቢል የሚያነሳ ሰው እያለ ጦርነቱ ለምን ይቀጥላል? በ1940 መጀመሪያ ላይ ሲግልና ሹስተር ሉክ ለተባለ መጽሔት ሁለት ገጽ ሠሩ። ሱፐርማን የጀርመንን ምሽግ ሰብሮ ይገባል። ሂትለርን ይይዛል። ስታሊንንም ይጨምራል። ሁለቱንም ጄኔቫ ወስዶ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ያቀርባቸዋል። አለቀ። ይኸው ማኅበር በ1936 የአፄ ኃይለ ሥላሴን አቤቱታ ተቀምጦ ሰምቶ ምን እንዳደረገ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ የታሪኩ ትልቁ ቀዳዳ የሰውየው መዝለል አይደለም።

በታሪኩ የሳቁት ልጆች ብቻ አልነበሩም። የናዚው ኤስ ኤስ ጋዜጣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጽሑፍ አወጣ። አይሁዳዊውን ሲግልን ሰደበ፤ ሱፐርማንንም የውጊያ ስልት የማያውቅ፣ ምሽግ በቁምጣ የሚወር ሰው ነው ብሎ አላገጠበት። ቀዳዳ መልቀም ሁልጊዜ የቀልድ ሥራ እንዳልሆነ የሚያስታውስ አጋጣሚ ነው።

አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ነገሩ ከበደ። አንባቢው ልጅ ወንድሙ ግንባር ነው። ሱፐርማን በሁለት ገጽ ጦርነት ከጨረሰ ወንድሙ ለምን ይሞታል? በ1942 በጋዜጣ ላይ ይወጣ የነበረው የሱፐርማን ተከታታይ መልስ አገኘ። ክላርክ ኬንት ለመዝመት ይሄዳል። የጤና ምርመራው የዓይን ሰንጠረዥ ጋ ይደርሳል። ፊደሎቹን ያነባል። ሐኪሙ ይደነግጣል፤ የተነበበው እዚህ የተሰቀለው አይደለም። ክላርክ በጉጉት ብዛት ዓይኑ ግድግዳውን አልፎ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ያለውን ሰንጠረዥ ነው ያነበበው። ዓይኑ አይረባም ተብሎ ተመለሰ።

ይህ ከተሠሩት ጥገናዎች ሁሉ ምርጡ ይመስለኛል። አዲስ ሕግ አላመጣም። ያው የታወቀውን ግድግዳ የሚያሳልፍ ዓይን ወስዶ በራሱ ላይ አዞረበት። እያሳቀም ዘጋው።

ድልድዩ ላይ የሆነው

ለዓመታት አንባቢ ሲሳለቅበት የኖረ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሰው ከፎቅ ይወድቃል፤ ጀግናው አየር ላይ ይቀልበዋል፤ ሰውየው ከነጤናው አመስግኖ ይሄዳል። የፊዚክስ ተማሪ ይህን አይቀበልም። በከፍተኛ ፍጥነት የሚወርድ አካል በድንገት ሲቆም የሚያርፍበት ጉልበት ከባድ ነው። የብረት ክንድ ላይ ማረፍ አስፋልት ላይ ከማረፍ ብዙም አይሻልም። ከተጎጂው ጋር አብሮ እየወረዱ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ካልቀነሱለት በስተቀር ማለት ነው።

በ1973 በወጣው የስፓይደርማን ቁጥር 121 ላይ ጠላቱ ግሪን ጎብሊን የስፓይደርማንን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ አናት ይወረውራታል። ስፓይደርማን ድሩን ይለቃል። ድሩ እግሯን ይይዛታል። ትቆማለች። በዚያች ሳጥን ውስጥ፣ አንገቷ አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ድምፅ አለ፤ "ቀጭ" እንደ ማለት ነው። ገጹን በፍጥነት የሚገለብጥ ያልፈዋል። ስፓይደርማንም አላስተዋለም፤ በራሱ እየተኩራራ ይጎትታታል። ሲያቅፋት ሞታለች።

ደብዳቤ ጎረፈ። ከአራት እትም በኋላ በደብዳቤ ገጹ ላይ አርታኢው አመነ፤ የገደላት ድሩ በድንገት ሲያስቆማት አንገቷ የደረሰበት ግርፋት ነው። ለ35 ዓመት እንደ ቀልድ የታለፈው የመቀለብ ነገር በዚህ እትም ዋጋ አስከፈለ። ያስተዛዘበው ግን ሌላ ነው። በንግግሩ ላይ ድልድዩ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው ይላል። የተሣለው ብሩክሊንን ይመስላል። በኮሚክ ታሪክ ከታወቁት አሳዛኝ ገጾች አንዱ አድራሻው የተሳሳተ ነው።

ጥገናው ሲበዛ

በ1960ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ አንባቢው ተለወጠ። ልጁ አደገ፤ መግዛቱን ግን አልተወም። የቆየ እትም ሰብሳቢ በዛ፤ የኮሚክ ብቻ ሱቅ ተከፈተ። አንዳንዱ አንባቢ ራሱ ጸሐፊ ሆነ። አሁን የሚያመሳክር ሰው አለ። ኮንቲኒዩቲ የሚባለው ነገር ጠባቂ አገኘ፤ ይህም በአንድ አሳታሚ ሥር ያሉ ታሪኮች ሁሉ ሳይጋጩ እንደ አንድ ረጅም ታሪክ መነበባቸው ነው። ከሱም ጋር ሪትኮን መጣ። ሪትኮን ማለት የታተመውን ሳይሰርዙ፣ ኋላ አዲስ መረጃ ጨምሮ የቀድሞውን ትርጉም መቀየር ነው።

ጥሩ ሪትኮን ምን እንደሚመስል ካፒቴን አሜሪካ ያሳያል። በ1964 አቬንጀርስ ቁጥር 4 ላይ ካፒቴኑ በ1945 በረዶ ውስጥ ገብቶ እንደኖረ ተነገረ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ፣ ይኸው ካፒቴን በ1953 እና በ1954 በታተሙ ኮሚኮች ኮሚኒስት ሲያሳድድ ነበር። በረዶ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት? ደራሲው ስቲቭ ኢንግልሃርት በ1972 መልስ ሰጠ። የ1950ዎቹ ሰውዬ ሌላ ሰው ነው። ጀግናውን ያመልክ የነበረ የታሪክ ምሁር ነው፤ ካፒቴኑን ያጠነከረውን መድኃኒት ቀመር አገኘ፣ ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስቀየረ፣ ስሙንም ወሰደ። መድኃኒቱ ግን ሙሉ አልነበረም። አእምሮው ተነካ፤ ሁሉንም ሰው ኮሚኒስት ነው ብሎ መጠርጠር ጀመረ። እናም እውነተኛው ካፒቴን ከራሱ ምስል ጋር ተጋጨ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ በዚያውም የ1950ዎቹ የአሜሪካ ፍርሃት ተመረመረ።

ዲሲ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1956 በሩጫ ፍጥነቱ የሚታወቀው ጀግና አዲሱ ፍላሽ፣ ባሪ አለን፣ ሲመጣ፣ የቀድሞው ፍላሽ ጄይ ጋሪክ ለሱ የልብ ወለድ ጀግና ነበር፤ ኮሚኩን ሲያነብ ይታያል። በ1961 በፍላሽ ቁጥር 123 ግን ሁለቱ ተገናኙ። ሽፋኑ ዛሬም ይታወሳል። መሀል ላይ የጡብ ግንብ አለ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ፍላሾች ይሮጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አያየውም፤ ሁለቱም የብረት አግዳሚ ሊወድቅበት ያለን አንድ ሰው ሊያድኑ ነው። ማብራሪያው ደፋር ነበር። ሁለት ምድር አለ፤ በአንዷ የሚሆነውን በሌላዋ ያለ ደራሲ በሕልሙ እያየ ይጽፈዋል። የደራሲው ስም ጋርድነር ፎክስ ነው ይላል ኮሚኩ። ታሪኩን የጻፈውም ጋርድነር ፎክስ ነው።

ዛሬ መልቲቨርስ እየተባለ ፊልም ሁሉ የሚሮጥበት ሐሳብ በዚህ ቤት በዋናነት ያደገው ከዚያ ግንብ ጀርባ ነው። ምድሮቹ እየበዙ ሄዱ። አንባቢ ግራ ተጋባ። በ1985 ዲሲ በ12 እትም ታሪክ ምድሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ አዲስ ጀመረ። ንጹሕ ገጽ ለማግኘት ነበር። የሆነው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አዲሱ ሱፐርማን በልጅነቱ ጀግና አልነበረም ተባለ። እሺ፤ ታዲያ በልጅ ሱፐርማን ተምሳሌት የተቋቋመው የወደፊቱ የወጣቶች ቡድን እንዴት ተቋቋመ? ለሱ ሌላ ማብራሪያ ተሠራ። ሆክማን የተባለው ባለ ክንፍ ጀግና ታሪክ ደግሞ ውሉ እስኪጠፋ ድረስ ተተበተበ። በ1994 የማስተካከያው ማስተካከያ መጣ። ከዚያም በ2005፣ ከዚያም በ2011 ሌላ።

ልደት የማያከብሩ ጀግኖች

ከሁሉም የሚከብደው ቀዳዳ የዕድሜ ነው። ፒተር ፓርከር በ1962 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በቀን መቁጠሪያ ቢሄድ ዛሬ ከ75 በላይ ነው። ማርቭል ይህን የሚያልፈው ጊዜውን አብሮ በማንሸራተት ነው፤ የጀግኖቹ መነሻ ሁልጊዜ ከዛሬ ጥቂት ዓመት በፊት እንደሆነ ይቆጠራል። አይረን ማን በ1963 የቆሰለው ቬትናም ውስጥ ነበር። ቬትናም ሲያረጅ ጦርነቱ እየተቀየረ ሄደ። በ2019 ደግሞ አሳታሚው ሲያንኮንግ የምትባል የልብ ወለድ አገር ጦርነት አስገብቶ ችግሩን ለዘለቄታው ሊዘጋ ሞከረ። የሌለ ጦርነት አያረጅም።

ማንሸራተት የማይቻል ታሪክም አለ። የኤክስ ሜን ጀግኖች ባላጋራ ማግኒቶ ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከአውሽዊትዝ የተረፈ ሰው መሆኑ በ1981 ተገለጠ። ይህን ወደ ሌላ ጦርነት ማዛወር ሰውየውን ማጥፋት ነው። የሚገርመው፣ መውጫው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1974 በታተመ አንድ ታሪክ ማግኒቶ ወደ ሕፃንነት ተለውጧል፤ ቆይቶ ሲመለስ ጎልማሳ ሆነ። ያኔ ማንም ስለ ዕድሜው አላሰበም። አሁን ግን ያ እንግዳ ነገር የሰውየውን እርጅና ለማዘግየት ያገለግላል።

መሳቁ ፍትሐዊ ነው?

አንደኛው ወገን አይደለም ይላል። ለ10 ዓመት ልጅ፣ በወር ቀነ ገደብ፣ በ10 ሳንቲም የተሠራን ነገር በአዋቂ መነጽር መመርመር ሸክላ ሠሪዋን ጀበናሽ ለምን አይበርም እንደ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን የጻፈው ይህን ወገን ይደግፋል። እንደ ኤኮ አባባል ሱፐርማን እንደ አፈ ታሪክ ጀግና መለወጥ የለበትም፤ እንደ ልብ ወለድ ሰው ደግሞ በየወሩ አዲስ ነገር ሊገጥመው ይገባል። አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ወደ ሞት አንድ እርምጃ ይጠጋል። ስለዚህ ታሪኮቹ እንደ ሕልም ናቸው፤ ከዚህኛው በፊት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በዚህ ዓይን ሲታይ ያለመገጣጠሙ ጉድለት ሳይሆን ጀግናውን በሕይወት ያቆየ መላ ነው።

ሌላው ወገን መሳቅ ማንበብ ነው ይላል። የሚያላግጠው ሰው ቁጥር 25ን አንብቦ ቁጥር 1ን ያስታወሰ ሰው ነው። ግድ የሌለው ሰው ቦብ ይሁን ብሩስ ምን አገባው?

ሁለቱም የሚሉት አላቸው። እኔ የማልስማማው ከሦስተኛው አካሄድ ጋር ነው። ያልወደዱትን ሁሉ፣ የገጸ ባሕርይ የሞኝ ውሳኔ ይሁን ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ቀዳዳ ብሎ መጥራት። ይህ ሠሪዎቹን ያስፈራል። የፈራ ጸሐፊ ደግሞ አስቀድሞ ያብራራል። መነጽሩ ያፈዝዛል ብሎ ሲያብራራ፣ ፎቶግራፉስ የሚል ይመጣል። በ1978 ክላርክ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ስለነበር ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዝም ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ መነጽሩ መነጽር ሆኖ ይቀር ነበር።

የሚያመጣው ውጤትም በፊልሙ ገበያ ላይ ይታያል። አንድ ፊልም ለመረዳት ሦስት ሌላ ማየት ሲያስፈልግ ተመልካች ይደክማል። መልቲቨርስ ለሞተ ሰው መመለሻ በር ሲሆን ሞቱ አያስለቅስም። ኮሚኮቹ ይህን መንገድ ከ1961 ጀምሮ ሄደውበታል፤ ፊልሞቹ አሁን በዚያው ላይ ናቸው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የቅርብ ጊዜዎቹ የተወሰኑት ማብራሪያውን በአንዲት ቀልድ ወርውረው ማለፍ የመረጡት።

ባዶው ፖስታ

ስታን ሊ ይህን ሁሉ በደብዳቤ ገጹ ላይ ነበር የሚያስተናግደው። በ1964 ኖ-ፕራይዝ የሚባል ነገር ጀመረ፤ ትርጉሙ ሽልማት አልባ ሽልማት እንደ ማለት ነው። ስህተት ያገኘ ይሸለማል፤ ሽልማቱ ግን የለም። ደብዳቤው በዛ። ቆይቶ መስፈርቱ ተለወጠ። ስህተት ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ስህተት የመሰለው ነገር ለምን ስህተት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነው የሚሸለመው። ሥራው ከጸሐፊው ወደ አንባቢው ዞረ። የሱፐርማን መነጽር ማብራሪያም፣ በሌላው አሳታሚ ቤት ቢሆንም፣ የመጣው ደብዳቤ ከጻፈ አንባቢ ነው። ኮሚኩ ላይም ሐሳቡ የማን እንደሆነ ተጽፏል።

ከ1967 ጀምሮ ማርቭል ለአሸናፊዎቹ ፖስታ ይልክ ነበር። ላዩ ላይ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ውስጡ ያሸነፉት እውነተኛ ኖ-ፕራይዝ አለ የሚል ታትሞበታል። ውስጡ ምንም የለም። ፖስታው ባዶ ደረሰኝ፣ ሽልማቴ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆን ብለው መልሰው የጻፉ አንባቢዎች ነበሩ።